ለውሃ ውስጥ ፎቶ ሚረርለስ ካሜራ ስትመርጡ ከሃውሲንጉ ጀምሩ

የውሃ ውስጥ ፎቶ ለመጀመር ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛውን ካሜራ ልግዛ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ካሜራ ገዝታችሁ ከዚያ ሃውሲንግ፣ ማለትም ካሜራውን ከውሃ የሚከላከል መያዣ፣ መፈለግ ከጀመራችሁ ምርጫው ከእጃችሁ ወጥቷል። ለገዛችሁት ካሜራ ሃውሲንግ አልተሰራለት ይሆናል። ተሰርቶለትም ዋጋው የካሜራውን እጥፍ ሊሆን ይችላል። እሱንም ችላችሁ ብትገዙ፣ ለሌንሳችሁ የሚሆን ፖርት የሚባለው መስኮት ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ይህ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው፣ ሌንሱ የሚቀየር) ካሜራ የመምረጫ መመሪያ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ምን እንደምታነሱ ትወስናላችሁ። ቀጥሎ ሃውሲንግ፣ ከዚያ ሌንስና ፖርት፣ በስተመጨረሻ የካሜራው አካል ይመጣል።

ለአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ ባህር የጂቡቲ ነው። እስራኤል ላላችሁ ኤይላት አለ። ጅዳ ያላችሁ ቀይ ባህር ደጃችሁ ነው። ምሳሌዎቼንም ከዚሁ ሰፈር እወስዳለሁ።

ደረጃ 1፦ ምን ልታነሱ ነው?

የውሃ ውስጥ ፎቶ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዋይድ አንግል (ሰፊ እይታ) ነው፤ ትላልቅ ዓሣዎች፣ የኮራል ሜዳ፣ የሰጠመ መርከብ። ሌላው ማክሮ ነው፤ ጥፍር የምታህል ፍጥረት ፎቶውን ሞልታ የምትታይበት። መሬት ላይ እንደምናደርገው መሃል ላይ ሌንስ መቀየር የለም። ይዛችሁት የገባችሁት ሌንስ እስክትወጡ ድረስ አብሯችሁ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ከመግባታችሁ በፊት ያለቀ መሆን አለበት።

ጂቡቲን እንውሰድ። ከህዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በታጁራ ባህረ ሰላጤ፣ አርታ የባህር ዳርቻ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባሉ ግዙፍ ዓሣዎች ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። የሚመጡት ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን፣ ለመብላት ነው። ፕላንክተን የበዛበት ውሃ ደግሞ ደፍረስ ይላል። ከሩቅ ሆናችሁ ብታነሱ የምታገኙት ግራጫ ጥላ ነው። መፍትሄው መጠጋት ነው። ተጠግቶ ሙሉውን እንስሳ በፎቶ ውስጥ ለማስገባት ደግሞ በጣም ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል። ፍላሽ አያስፈልጋችሁም። በእንዲህ ያለ ውሃ ፍላሽ ቢበራ እያንዳንዷ ቅንጣት ታበራለች፤ ፎቶው በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። አብዛኛው ሰው በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ፣ ከውሃው ገጽ) ሆኖ ስለሚያነሳ፣ 100 ሜትር የሚችል ውድ ሃውሲንግም ግዴታ አይሆንም።

ኤይላት ላይ ነገሩ ይለያል። ኑዲብራንች የሚባሉት ባለቀለም የባህር ቀንድ አውጣዎች፣ ትናንሽ ሽሪምፖች፣ አሸዋ መስለው የሚተኙ ዓሣዎች አሉ። እዚያ የሚያስፈልገው ማክሮ ሌንስ፣ ፍላሽና ትዕግስት ነው። ግብጽ ሄዳችሁ እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ የሰጠመችውን ቲስልጎርም የተባለች የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ልታነሱ ካሰባችሁ ደግሞ ሌላ ዕቃ ነው። መርከቧ የተቀመጠችው 30 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሆዷ ውስጥ ሞተር ሳይክሎችና የጭነት መኪኖች እስካሁን ተደርድረዋል። ሰፊ ሌንስም፣ የራሳችሁ ብርሃንም ትፈልጋላችሁ።

ብዙ ጊዜ የምትሄዱበትን አንድ ቦታ ምረጡና ለእሱ ግዙ። "ለሁሉም የሚሆን" ብላችሁ ከጀመራችሁ ለአንዱም በደንብ የማይሆን ዕቃ ነው የምትይዙት።

ደረጃ 2፦ በእርግጥ ሚረርለስ ያስፈልጋችኋል?

በዓመት አንዴ ለእረፍት ሄዳችሁ በስኖርክል የምትዋኙ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። ኦኤም ሲስተም ቲጂ-7 የተባለችው ትንሽ ካሜራ ያለ ሃውሲንግ እስከ 15 ሜትር ትወርዳለች። ለትናንሽ ነገሮች ደግሞ ከመጠኗ በላይ ትሰራለች። ይህን የምለው ገንዘባችሁ ስለሚያሳስበኝ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጥራ። ሚረርለስ ካሜራ ማስታወቂያ ላይ "አቧራና እርጥበት የሚችል" ሲባል ውሃ ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ኦኤም-1 የተባለው ካሜራ አይፒ53 የሚባል ደረጃ አለው። ይህ ዝናብና ፍንጣሪ ይችላል ማለት እንጂ ባልዲ ውስጥ እንኳን ይነከራል ማለት አይደለም። ሌንሱ የሚቀየር፣ ራሱን ችሎ የሚጠልቅ ሚረርለስ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2013 አውጥቶ ነበር። ኒኮን 1 ኤደብሊው1 ይባላል፤ 15 ሜትር ይችል ነበር፤ ዛሬ አይመረትም። ስለዚህ ሚረርለስ ካላችሁ ሃውሲንግ የግድ ነው።

ደረጃ 3፦ ሃውሲንጉን ምረጡ

ሃውሲንግ የሚሰራው ለአንድ የካሜራ ሞዴል ነው። ለሶኒ ኤ7 3 የተሰራው ለኤ7 4 አይገባም፤ የአንድ ቁልፍ ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተቀየረ አለቀ። ካሜራችሁን በሁለት ዓመት ልትቀይሩ ካሰባችሁ ሃውሲንጉንም ልትቀይሩ ነው። ለዚህ ነው ከካሜራው ሃውሲንጉ ትልቁ ውሳኔ የሚሆነው።

በቁስ ረገድ ሁለት ዓይነት አለ። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቀለል ያለና ርካሽ ነው። አሉሚኒየሙ ውድ ነው፤ ግን ቁልፎቹ ጣት ስር በትክክል ይወድቃሉ፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። የቻይናው ሲፍሮግስ በአብዛኛው 40 ሜትር ይችላል፤ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። የአሜሪካው አይክላይት 60 ሜትር ይደርሳል፤ ዋጋው መካከለኛ ነው። የሆንግ ኮንጉ ናውቲካም በአሉሚኒየም ይሰራል፤ አብዛኛው 100 ሜትር ይችላል፤ ለፉል ፍሬም (ምስል የሚይዘው ሴንሰሩ ትልቅ ለሆነ) ካሜራ ከ3,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። የጣሊያኑ ኢሶታም አሉሚኒየም ነው፤ ጥሩ ስም አለው።

መዝናኛ ጠላቂ የሚፈቀድለት ጥልቀት እስከ 40 ሜትር ነው፤ ጀማሪ ደግሞ 18 ሜትር ላይ ያቆማል። ስለዚህ "100 ሜትር" የሚለውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። የምትከፍሉት ለቁልፎቹ ይሁን። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ርካሽ ሃውሲንግ ላይ አንዳንድ ቁልፎች በዚያ ግፊት ተጭነው እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ።

ሱቅ ውስጥ ወይም ከጓደኛ ተውሳችሁ እንዲህ ሞክሩት። ካሜራውን ሃውሲንጉ ውስጥ አስገቡና ዝጉት። የጠለቃ ጓንታችሁን አጥልቁ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። አሁን እጀታውን ሳትለቁ ሹተር ስፒድ (የመዝጊያውን ፍጥነት) ቀይሩ፣ አፐርቸር (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ቀይሩ፣ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጉ፣ የፎከስ ነጥቡን ከመሃል ወደ ጥግ ውሰዱ፣ ያነሳችሁትን ፎቶ መልሳችሁ እዩ። አውራ ጣታችሁ የፎከስ ማንሻውን ለማግኘት እጀታውን መልቀቅ ካለባችሁ፣ ወይም ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ከተጫነ፣ ያ ሃውሲንግ ይቅርባችሁ። ባህር ውስጥ ሞገድ እየገፋችሁ፣ የአየር መጠናችሁን እየተከታተላችሁ፣ ዓሣው እየሄደ ቁልፍ የምትፈልጉበት ጊዜ የለም።

የቫኪዩም ቫልቭ ያለው ወይም ሊገጠምለት የሚችል ሃውሲንግ ካገኛችሁ ቅድሚያ ስጡት። በትንሽ ፓምፕ ውስጡ ያለውን አየር ትስባላችሁ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ ቀዳዳ የለም ማለት ነው። ይህን የምታውቁት ውሃ ከመንካታችሁ በፊት ነው። እኔ ለጀማሪ ከሁለተኛ ፍላሽ በፊት ይህን ግዛ እላለሁ።

ያገለገለ ሃውሲንግ መግዛት ጥሩ ገንዘብ ያድናል፤ በተለይ ካሜራው አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሲሆን። ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሃ የሚያግዱት ጎማዎች መቼ ተቀየሩ? ፖርቶቹ አሁንም ይሸጣሉ? መለዋወጫ የሚልክ ሰው አለ? ኦሊምፐስ (የዛሬው ኦኤም ሲስተም) ቀድሞ የራሱን ሃውሲንግ ይሰራ ነበር፤ አሁን ግን ያ መስመር ቆሟል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ መለዋወጫው ነው አሳሳቢው።

ደረጃ 4፦ ሌንስና ፖርት አብረው ይመረጣሉ

ሰው የሚያልፈው፣ ፎቶውን ግን ከሁሉም በላይ የሚወስነው ክፍል ይሄ ነው።

ፖርት ማለት ሌንሱ የሚያይበት መስኮት ነው። ጠፍጣፋና ዶም የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሉ። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲሻገር ይታጠፋል። ጠፍጣፋ መስኮት ላይ ይህ ሁሉንም ነገር አንድ ሦስተኛ ያህል አስበልጦ ያሳያል። የ24 ሚ.ሜ. ሌንስ እንደ 32 ሚ.ሜ. ይሆናል። ለማክሮ ይህ በረከት ነው፤ ትንሹ ነገር ይበልጥ ይተልቃል። ለዋይድ አንግል ግን ገንዘብ የከፈላችሁበትን ስፋት ይበላል፤ ጥጉም ይደበዝዛል።

ዶም ፖርት ስፋቱን ይመልሳል። ግን የራሱ ባህርይ አለው። ዶሙ ራሱ ውሃ ውስጥ እንደ ሌንስ ይሆናል፤ ከፊቱ ያለውን ዓለም ሁሉ ሰብስቦ ቅርብ ላይ ምስል ይፈጥራል። ካሜራው ፎከስ የሚያደርገው በዚያ ምስል ላይ ነው። 8 ኢንች ስፋት ያለው ዶም ራዲየሱ 10 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። በጣም ሩቅ ያለ ነገር ምስሉ የሚቀመጠው የራዲየሱን ሦስት እጥፍ ያህል፣ ማለትም ከዶሙ ፊት 30 ሳ.ሜ. ላይ ነው። ከዚያ የሚቀርበው ሁሉ ደግሞ ይበልጥ ይጠጋል። ስለዚህ በቅርብ ፎከስ ማድረግ የማይችል ሌንስ ዶም ውስጥ ገብቶ ምንም ነገር ጥርት አድርጎ ሊያነሳ አይችልም። ሌንስ ስትመርጡ "አነስተኛው የፎከስ ርቀት" የምትለውን መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ።

ምስሉ ጎባጣ በመሆኑ ደግሞ ጥጎቹ ከመሃሉ ጋር እኩል አይጠሩም። መድኃኒቱ አፐርቸሩን መዝጋት ነው። ትልቅ ዶም ችግሩን ይቀንሳል፤ ትንሽ ዶም ያባብሰዋል። ፊሽአይ የሚባለው እጅግ ሰፊ፣ መስመር የሚያጎብጥ ሌንስ እዚህ ላይ ከተራ ዋይድ የተሻለ ነው። በቅርብ ፎከስ ያደርጋል፤ ጥጉም ቶሎ አይበላሽም። ውሃ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ብዙ ስለሌለ መጉበጡም ብዙም አይታይም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ዌት ሌንስ። ከሃውሲንጉ ውጭ የሚገጠም፣ ውሃ ውስጥ ሊወጣና ሊገባ የሚችል ሌንስ ነው። ናውቲካም ደብሊውደብሊውኤል-1 የሚለው ከሶኒ 28-60 ሚ.ሜ. ርካሽ ሌንስ ጋር ሲሆን 130 ዲግሪ ይሰጣል። ዋጋው ይከብዳል፤ ግን ከዶም ይልቅ ጥጉ የጠራ ነው፤ ሲያስፈልግም ዙም ታደርጋላችሁ።

ለማክሮ ምርጫው ቀላል ነው። ሶኒ 90 ሚ.ሜ.፣ ካኖን አርኤፍ 100 ሚ.ሜ.፣ ኒኮን ዜድ 105 ሚ.ሜ.፣ ኦሊምፐስ 60 ሚ.ሜ.። ሁሉም ጥሩ ናቸው።

ደረጃ 5፦ የሴንሰር መጠን

መሬት ላይ "ፉል ፍሬም ይሻላል" የሚለው ክርክር ውሃ ውስጥ ይቀየራል። ምክንያቱ ያው ዶሙ ነው። ፉል ፍሬም ይዛችሁ ዋይድ ስታነሱ ጥጉ እንዲጠራ አፐርቸሩን ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 13 ላይ መዝጋት አለባችሁ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። ማይክሮ ፎር ሰርድስ በሚባለው ትንሽ ሴንሰር ላይ ያንኑ ጥራት በኤፍ 5.6 ወይም በኤፍ 6.3 ታገኛላችሁ። የሁለት ስቶፕ ልዩነት ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲለያይ ነው። ፉል ፍሬሙ ብርሃኑን ለመመለስ አይኤስኦውን ወደ አራት እጥፍ ያወጣል፤ በትልቅ ሴንሰር ያገኘው ጥቅም እዚያው ያልቃል።

በዚያ ላይ ትንሽ ሴንሰር ማለት ትንሽ ሌንስ፣ ትንሽ ዶም፣ ቀላል ሃውሲንግ ማለት ነው። ዕቃ በአውሮፕላን ለሚያጓጉዝ ሰው ኪሎው ዋጋ አለው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከባዶ የምትጀምሩና ፎቶ ብቻ የምታነሱ ከሆነ፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስን ወይም በመጠን በመካከል ያለውን ኤፒኤስ-ሲን አስቀድሙ። ፉል ፍሬም የሚገባው ፎቶውን በትልቁ ለሚያትም፣ በጨለማ መርከብ ውስጥ ለሚሰራ፣ ወይም ካሜራውን መሬት ላይ ለሥራ ለሚጠቀም ሰው ነው።

ደረጃ 6፦ አሁን ካሜራው

ሜጋፒክስሉን እርሱት፤ ከ20 በላይ የሆነ ሁሉ ይበቃል። የሚከተሉትን እዩ።

ፎከስ። ውሃ ውስጥ ንጽጽር (የብሩህና የጨለማ ልዩነት) ደካማ ነው፤ ብርሃንም ያንሳል። ካሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት ማታ ክፍላችሁ ውስጥ አንድ መብራት ብቻ አብርታችሁ ሞክሩት። ወዲያና ወዲህ እያለ የሚፈልግ ከሆነ ባህር ውስጥ ይብሳል። እንደ ሶኒ ኤ6700፣ ካኖን አር7 እና ኦኤም-1 ያሉት በዚህ ረገድ አያሳፍሩም።

የፍላሽ ማመሳሰያ ፍጥነት። ካሜራው ከፍላሽ ጋር የሚሰራበት ከፍተኛው የሹተር ፍጥነት ነው። ፀሐይን ከላይ አስገብታችሁ በፍላሽ ስታነሱ ሰማያዊው ውሃ እንዳይነጣ ፈጣን ሹተር ያስፈልጋል። ኤ7 4 እና ኦኤም-1 ከፍላሽ ጋር 1/250 ሴኮንድ ይደርሳሉ። ኤ6700 እና ኤ7ሲ 2 ግን 1/160 ላይ ይቆማሉ። ለማክሮ ልዩነት የለውም፤ ለዋይድ ግን ፀሐይዋ ዙሪያ ላይ ይታወቃል።

ዋይት ባላንስ። ያለ ፍላሽ ለምታነሱና ቪዲዮ ለምትቀርጹ ከሁሉም ይበልጣል። ነጭ ሰሌዳ ወይም አሸዋ አሳይታችሁ ካሜራው ቀለሙን እንዲያስተካክል ታደርጋላችሁ። ካኖን በዚህ ከድሮ ጀምሮ ይመሰገናል። የቀድሞዎቹ ሶኒዎች ይቸገሩ ነበር፤ አዲሶቹ ተሻሽለዋል። ፎቶውን በሮው ፋይል (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ምስል) ካነሳችሁ፣ ከወጣችሁም በኋላ ታስተካክላላችሁ።

ስክሪን። ማስክ አድርጋችሁ ዓይናችሁ ከመመልከቻው (ከቪውፋይንደሩ) ይርቃል። ስለዚህ የኋላ ስክሪኑ ብሩህ መሆኑ ከቪውፋይንደሩ ይልቅ ይጠቅማችኋል።

ባትሪ። መሃል ላይ ሃውሲንግ መክፈት የሚወድ የለም። ሁለት ጠለቃ የሚችል ባትሪ ያለው ካሜራ ያሳርፋችኋል።

ደረጃ 7፦ ለብርሃን የሚሆን ገንዘብ አስቀሩ

ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀይ ቀለምን ነው። ከ5 ሜትር ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል፤ 10 ሜትር ላይ ያ ያያችሁት ቀይ ኮራል ቡናማ ይመስላል። ቀለሙን የሚመልሰው ፍላሽ ነው፤ ጠላቂዎች ስትሮብ የሚሉት። ለማክሮ አንድ ይበቃል። ለዋይድ ሁለት፣ በረጅም ክንድ ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ ተደርገው። ሌንሱ አጠገብ ከሆኑ በመካከል ያለውን ቅንጣት ሁሉ ያበራሉ።

ስትሮቡ የሚታዘዘው ብርሃን በሚያስተላልፍ ኦፕቲክ ገመድ ከሆነ፣ ካሜራው ውስጥ ብልጭ የሚል ነገር መኖር አለበት። ሶኒ ኤ6400 ትንሽ ፍላሽ አብሮት አለ። ኤ6700 እና አር7 ግን የላቸውም። እነዚያ ሃውሲንጉ ውስጥ የሚገጠም፣ ስትሮቡን በብልጭታ የሚያስነሳ የኤልኢዲ ትሪገር ይፈልጋሉ። ይህን ብዙ ሰው ሒሳቡ ውስጥ አያስገባውም።

እስቲ ሒሳቡን በግርድፉ እንስራ። 2,200 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ፉል ፍሬም ካሜራ ያዛችሁ እንበል። አሉሚኒየም ሃውሲንግ 3,500፣ ዶም ፖርት 1,000፣ ሌንስ 1,000፣ ሁለት ስትሮብ 1,500፣ ክንድና ትሪገር 500። ወደ 9,700 ይጠጋል። ካሜራው የጠቅላላውን ሩብ እንኳን አልያዘም። ጠቅላላ በጀታችሁ 3,000 ከሆነ ለካሜራው ከ800 በላይ አትስጡ። ያገለገለ ኤ6400፣ ሲፍሮግስ ሃውሲንግ፣ አንድ ጥሩ ስትሮብና ማክሮ ሌንስ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እሱ ዕቃ ስትሮብ ከሌለው ውድ ካሜራ የተሻለ ፎቶ ያነሳል።

ደረጃ 8፦ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት

አዲስ ሃውሲንግ መጀመሪያ ባዶውን ይግባ። በካሜራው ፈንታ ጠላቂዎች የሚታጠቁትን የእርሳስ ብረት ክብደት በለስላሳ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡና ይዛችሁ ጥለቁ። ወረቀቱ ደርቆ ከወጣ ካሜራው ተራው ደርሷል።

ኦ-ሪንግ የሚባለውን ቀለበት ጎማ በስለት ሳይሆን በጣት ወይም በፕላስቲክ አውጡት። በሁለት ጣት መካከል ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አንዲት ፀጉር፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳን ጣት ላይ ትታወቃለች። የሚቀመጥበትን ቦይ በብርሃን እዩት። ቅባቱ ጎማው እንዲያብረቀርቅ ያህል ብቻ ይሁን፤ ከበዛ አሸዋ ይይዛል። ቅባቱም የሃውሲንጉ አምራች ያዘዘው ይሁን፤ የአንዱ ቅባት የሌላውን ጎማ ሊያሳብጥ ይችላል።

ካሜራውን የምትዘጉት ደረቅ አየር ባለበት፣ ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ ይሁን። ጅዳ ወይም ጂቡቲ በረንዳ ላይ ከዘጋችሁት እርጥቡ አየር አብሮ ይታሸጋል፤ ውሃው ሲያቀዘቅዘው ፖርቱ ከውስጥ ላብ ያወጣል። እርጥበት የሚመጥ አንድ ሁለት የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምሩበት።

ከአዲስ አበባ ለምትነሱ ደግሞ ይህን ያዙ። ከተማችን ከባህር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ነው። ሃውሲንጉን እዚህ ዘግታችሁ ባህር ዳር ስትደርሱ የውጭው አየር ክዳኑን ጨምቆ ይይዘዋል፤ ለመክፈት ያታግላል። በአውሮፕላን ሲሄድ ቫልቩ ክፍት፣ ወይም ዋናው ጎማ ወጥቶ በንጹህ ከረጢት ይሁን። ሊቲየም ባትሪዎቹ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄዱት። መለዋወጫ ኦ-ሪንግ ሁለት ያዙ፤ ደሴት ላይ የሚሸጥበት ሱቅ የለም።

ለመጀመሪያው ጠለቃ ካሜራውን ሁሉን በእጅ በምታስተካክሉበት ማንዋል ላይ አድርጉት። ለማክሮ 1/160፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 200፤ ብርሃኑን በስትሮቡ ኃይል ብቻ አስተካክሉ። ለዋይድ 1/125፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 320፤ መጀመሪያ ውሃው የምትወዱት ሰማያዊ እስኪሆን ሹተሩን አስተካክሉ፣ ከዚያ ስትሮቡን አብሩ። ከወጣችሁ በኋላ ሃውሲንጉን ሳትከፍቱ ንጹህ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ንከሩት፤ ነክራችሁም ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተጫኑ፤ ከስራቸው የገባው ጨው የሚወጣው እንዲያ ነው።